ሩጫና ክረምት፤ ዝናብ የሯጭን እግር ምን ያህል ያዘገያል?

የክረምት ወራት በገባ ቍጥር በብዙ ቤት አንድ ዐይነት ክርክር ይነሣል። በበጋው ማለዳ እየተነሣ ሩጫ ሲለማመድ የከረመ ወጣት በሰኔ ወር ጫማውን አጥልቆ ወደ ደጅ ሲያመራ እናቱ «ልጄ፤ ይህ ዶፍ ሳያባራ ወዴት ትወጣለህ? ብርድ ቢገባብህስ?» ይሉታል። እርሱም «እናቴ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ብጠብቅ እኮ እስከ መስቀል መቀመጤ ነው» ብሎ ይመልሳል። አባትም በመካከላቸው ሆነው ለማን እንደሚፈርዱ ይቸገራሉ።

ነገሩ በሚገባ ሲመረመር እናትም ልጅም እያንዳንዳቸው የእውነት ክፍል ይዘዋል። ሰውነት ልምምዱን ፈጽሞ ከተወ ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ልብና ሳንባ በብዙ ድካም ያገኙት ብርታት መቀነስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም የተኛ ሯጭ የበጋ ድካሙን በገዛ እጁ ያፈርሳል። በሌላው ወገን ደግሞ ያለ ጥንቃቄ በዝናብ የሚወጣ ሰው ጤናውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ለዛሬው የቤተ ሰብ ዐምዳችን የመረጥነው ጉዳይ ዝናብ በሯጭ ላይ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ፣ ልምምዱም በምን ሁኔታ መቀጠል እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የሰውነት አሠራር ነው። ሰው በሚሮጥበት ጊዜ ጡንቻዎቹ ከሚያወጡት ኃይል ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ወደ ፊት የሚያራምደው የቀረው አንዱ እጅ ብቻ ነው። ይህም ሙቀት ከሰውነት ካልወጣ ሯጩ ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ ረዥም ሩጫ የሚሮጡ ሰዎች መልካም ሰዓት የሚያገኙት ፀሐይ በጠነከረበት ቀን ሳይሆን፣ አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋበት ቀዝቀዝ ባለ ቀን ነው። ለስላሳ ካፊያ ነፋስ ሳይቀላቀልበት ሲወርድ ቆዳን እያቀዘቀዘ ሯጩን ያግዘዋል እንጂ አይጐዳውም።

ነገር ግን ውሃ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ ልብስ ከራሰና ነፋስ ካገኘው ሰውነት በሩጫ ከሚያመነጨው ሙቀት ይልቅ የሚያጣው ሊበዛ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጡንቻ ይደነድናል፤ እርምጃ ያጥራል፤ ጣት በቆፈን ይያዛል፤ ሯጩም ልቡ ፈቅዶ ሳለ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። እንግዲህ ዝናብ ብቻውን፣ ዝናብ ከብርድ ጋር፣ ዝናብ ከብርድና ከነፋስ ጋር ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁሉም በአንድነት ዝናብ ቢባሉም በሯጭ ላይ የሚያደርሱት አንድ አይደለም።

ይህንንም በዓለም ከተደረጉት የማራቶን ውድድሮች ሦስቱን በማነጻጸር ማየት ይቻላል። የማራቶን ርዝመት በሁሉም ስፍራ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ስለ ሆነ ለማመዛዘን ይመቻል።

የመጀመሪያው መስከረም 14 ቀን 2010 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2017) በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ የተደረገው ነው። በዚያን ቀን ዝናብ ነበረ፤ መንገዱም ርሶ ነበር፤ ነገር ግን አየሩ ለዘብ ያለ ነበረ። የኬንያው ኤልዩድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ቀዳሚ ሆነ። ከዚያ በፊት ማራቶን ሮጦ የማያውቀው የአገራችን ልጅ ጉዬ አዶላም እስከ መጨረሻው ድረስ ሲፎካከረው ቆይቶ በ14 ሰከንድ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ከዚህ እንደምንረዳው ብርድና ነፋስ ያልበረታበት ዝናብ ታላቅ ሥራ ከመሥራት አይከለክልም።

ሁለተኛው መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2020) በለንደን የተደረገው ነው። በዚያን ዓመት ስለ ተላላፊው በሽታ ጥንቃቄ ሲባል ሯጮቹ የተወዳደሩት በከተማው ጐዳና ሳይሆን በሴንት ጄምስ ፓርክ ዙሪያ እየተመላለሱ ነበር፤ ቀኑም ብርድና ዝናብ የተቀላቀለበት ነበር። የኢትዮጵያው ሹራ ቂጣታ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ በአንድ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ አሸነፈ። በጊዜው የዓለምን ፈጣን ሰዓት ይዞ የነበረው ኪፕቾጌ ግን ስምንተኛ ሆነ፤ ከውድድሩም በኋላ አንድ ጆሮው እንደ ተደፈነበት ተናገረ። በበርሊን ዝናብ ያሸነፈ ሰው በለንደን ዝናብ ተሸነፈ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በዝናብ መልካም ሮጫለሁና ሁልጊዜም ይሆንልኛል ብሎ መታበይ አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስተምረው ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2018) በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተደረገው ነው። በዚያን ቀን አየሩ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ነበር፤ ዝናቡም በብርቱ ነፋስ እየተገፋ የሯጮቹን ፊት የሚገርፍ ወጨፎ ነበር። ከኢትዮጵያና ከኬንያ ከሄዱት ስመ ጥር ሯጮች ብዙዎቹ በመንገድ ላይ አቋርጠው ወጡ። ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ ሲሆን ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ነበር፤ ይህም እርሱ ራሱ ከዚያ በፊት ሮጦት ከነበረው ከምርጥ ሰዓቱ በ7 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ የዘገየ ነው።

ይህ ሰው በዚያን ጊዜ በሳይታማ ክፍለ ሀገር በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ። ልምምዱን የሚያደርገው ከሥራ ሰዓት በተረፈው ጊዜ ነበር፤ ዝናብና ብርድ ሲሆን ተሸሽጎ የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያው ውድድር 3 ወር ተኩል ያህል አስቀድሞ በአውሮፓ ዘመን መለወጫ ቀን በዚያው በማሳቹሴትስ ግዛት ውሃ በሚያረጋ ብርድ ማራቶን ሮጦ ነበር። ከድሉም በኋላ ሌላው ሰው ሁሉ ያማረረውን አየር ለእኔ ከሁሉ የተመቸኝ ነው ሲል ተናገረ። በሴቶችም ሁለተኛ የወጣችው ሣራ ሴለርስ ሙሉ ቀን የምትሠራ ነርስ ነበረች። የቢሮ ሥራ ፋታ አይሰጠኝም የሚል አንባቢ ቢኖር እነዚህን ሁለት ሠራተኞች ቢያስብ መልካም ነው።

የሴቶቹ አሸናፊ የዴዚሬ ሊንደን ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ይህች ሴት በዚያው በቦስተን መንገድ ላይ በ2003 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2011) ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ሲረዳቸው በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ገብታ በ2 ሰከንድ ብቻ ተበልጣ ሁለተኛ ሆና ነበር። በ2010 ዓ.ም. በወጨፎው ቀን ግን የፈጀባት 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነበር። መንገዱ ያው ነው፤ ሯጯም ያችው ናት፤ የሰዓቱ ልዩነት ግን ከ17 ደቂቃ ይበልጣል። ሆኖም ፈጥና በሮጠች ጊዜ ሁለተኛ፣ ዘግይታ በሮጠች ጊዜ አንደኛ ሆነች። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ብርዱ ጸንቶባት ማቋረጧ እንደማይቀር ስለ መሰላት፣ ለአገሯ ልጅ ለሻሌን ፍላናጋን ልርዳሽ ብላት ነበር፤ ፍላናጋን ለአፍታ ከመንገድ በወጣች ጊዜም ጠብቃ ከቡድኑ ጋር እንድትደርስ ረዳቻት። እንዲህ እየረጋች የሄደችው ሴት ከ33 ዓመት በኋላ ቦስተንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች።

አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በክረምት የሯጭ ዳኛ ሰዓት ብቻ ሊሆን እንደማይገባው ነው። ሰዓት እውነትን የሚናገረው መንገዱና አየሩ እኩል በሆኑ ጊዜ ነው። በደረቅ መንገድ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ በጭቃና በነፋስ 5 ደቂቃ ተኩል ቢፈጅበት ሰነፍ ሆነ ብሎ መገሠጽ አይገባም፤ ምናልባት የደከመው ድካም ከበጋው ይበልጥ ይሆናልና። ይልቁንም የበጋውን ሰዓት በክረምት ካልደገምሁ ብሎ የሚጣደፍ ሯጭ ወይ ይወድቃል፣ ወይ ጅማቱን ያጠማል፤ ከዚያም ወሩን ሙሉ በአልጋ ላይ ይውላል።

መዘግየትም የሚመጣው ከብርዱ ብቻ አይደለም። ጫማ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በእያንዳንዱ እግር 100 ግራም በተጨመረ ቍጥር ሯጩ የሚያወጣው ኃይል ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንደሚጨምር ሊቃውንት በምርመራ አረጋግጠዋል። ጭቃ ደግሞ ከሶሉ ሥር እየተጠፈጠፈ ሌላ ክብደት ይሆናል። መሬቱ ሲያዳልጥም እግር አጥብቆ መርገጥ ስለማይችል እርምጃው ያጥራል። ስለዚህ በርጥብ መንገድ አጫጭርና ፈጠን ፈጠን ያለ እርምጃ መራመድ፣ በቍልቍለት መግታት፣ በመታጠፊያም አስቀድሞ ማዝገም የብልህ ሥራ ነው። በአስፋልት ላይ የተቀባው ነጭ መስመር፣ የብረት ክዳንና የወደቀ ቅጠል ከሌላው ይልቅ ያዳልጣሉ።

በአገራችን ይህ ጉዳይ የሚንቁት አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም ታላቁ ክፍል የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የኦሎምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደረጉት በእነዚሁ ወራት ስለ ሆነ፣ ለሯጮቻችን የመጨረሻው የዝግጅት ጊዜ በክረምቱ ላይ ይወድቃል። ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ በቤጂንግ ኦሎምፒክ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያሸነፉት በነሐሴ 2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2008) ነበር። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገውን የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁን ሩጫ በኅዳር ለመሮጥ የሚያስብ ሰውም ጅማሬውን በክረምት ካላደረገ በጥቅምት ብቻ ተጣድፎ ሊዘጋጅ አይችልም።

የልምምዱ ሥርዓት እንግዲህ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ ሩጫውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ መለካት ይገባል፤ በበጋ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በክረምት 50 ደቂቃ እሮጣለሁ ብሎ ቢነሣ መንገዱ ቢከፋም ድካሙ መጠኑን አያልፍም። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን በትንፋሽ ይመዝን፤ በቀላሉ የሩጫ ቀን ከባልንጀራው ጋር ዐረፍተ ነገር ሳይቈርጥ መነጋገር ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ሦስተኛ፣ ጡንቻ በብርድ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በዝግታ ሳይሮጥ ወደ ፈጣን ሩጫ አይሂድ። አራተኛ፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ስለሚበረታ ማለዳውን ይምረጥ። አምስተኛ፣ ጭቃ በበረታበት ቀን የደኑን መንገድ ትቶ ወደ ኮረኮንች ወይም ወደ አስፋልት ይውጣ፤ የፍጥነት ልምምዱንም መሬቱ ጠፈፍ ላለበት ቀን ያቈየው።

ወደ ተራራ የሚወጣም ሰው ከፍታውን ያስብ። በ1,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከከተማው መካከል ተነሥቶ 3,000 ሜትር ወደሚያልፈው ወደ እንጦጦ የሚሮጥ ሰው ከቤቱ ደጅ ያላየውን ብርድና ጉም ከላይ ያገኘዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤተ ሰቡ ሥራ እንመለስ፤ የክረምት ሩጫ ግማሹ የሚፈጸመው በቤት ውስጥ ነውና። የጥጥ ልብስ ውሃ ይዞ ከገላ ላይ ስለሚጣበቅ ለዝናብ አይሆንም፤ ስስ የሱፍ ሹራብ ወይም ለስፖርት የተሠራ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይሻላል። በላዩም ነፋስ የማያስገባ ቀላል ካፖርት፣ ለራስም ዝናቡን ከዐይን የሚከለክል ከለላ ያለው ቆብ ቢደረግ ይበቃል። ልብስ መደራረብ ግን ውሃ መሸከም ነው።

ሯጩ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ሲሮጥ ሳይሆን ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ሲያቆም ሙቀት ማመንጨቱን ይተዋል፤ የራሰው ልብስ ግን ሙቀቱን መውሰዱን አይተውም። ስለዚህ ሯጩ ሳይመለስ አስቀድሞ ፎጣ፣ ደረቅ ልብስና ጋቢ ተዘጋጅተው ይቈዩት፤ እንደ ገባም ከማንም ጋር ሳይጨዋወት ልብሱን ይለውጥ፤ ትኩስ ሻይ ወይም አጥሚት ይጠጣ። አረቄ ያሞቃል የሚሉት ነገር ግን ስሕተት ነው፤ አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን ሥሮች ከፍቶ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣዋል እንጂ አይጨምርም። ጫማውን ከምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ማጣበቂያውን ያላቅቃል፤ ተነብቦ ያለቀ ጋዜጣ በውስጡ ጠቅጥቆ በነፋሻ ስፍራ ማኖር ይበልጣል።

እናቶች የሚፈሩትን ጕንፋን በተመለከተ፣ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፉት ረቂቃን ተሐዋስያን እንጂ ዝናቡ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ጤነኛ ልጅ በካፊያ ቢሮጥ ያን ያህል አያስፈራም፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግን ፀሐይ ቢሆንም እንኳ መሮጥ አይገባውም። ከጕንፋን ይልቅ ሊፈራ የሚገባው የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረዱ ነው። ምልክቱም ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ ቍልፍ መቈለፍ የማይችል ጣት፣ የተኰላተፈ ንግግርና የአእምሮ መፍዘዝ ነው። እንዲህ የሆነን ሰው ወዲያው ወደ ቤት አስገብቶ የራሰውን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ካልተሻለውም ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ሕፃናት ከጎልማሶች ይልቅ ቶሎ ስለሚበርዳቸው የእነርሱ ሩጫ በዝናብ ቀን አጭር ይሁን።

በሁለት ጊዜ ግን ክርክር የለም፤ መቅረት ግዴታ ነው። የመጀመሪያው የመብረቅ ጊዜ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ያለውን ሰከንድ መቍጠር ይቻላል፤ 3 ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ያህል ነው። ቍጥሩ 30 ሳይሞላ ነጐድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በቀረበ ስፍራ ነውና ወደ ቤት ወይም ጣሪያ ወዳለው መኪና መግባት፣ የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማም በኋላ 30 ደቂቃ መቈየት ይገባል። በዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ገላጣ ሜዳና የተራራ ጫፍም እንደዚሁ ያሠጋሉ። ሁለተኛው የጎርፍ ጊዜ ነው። ከቍርጭምጭሚት ከፍ ያለ ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሰው ይጥላል፤ ከደፈረሰውም ውሃ በታች የተከፈተ ጕድጓድ ይኑር አይኑር አይታይም። ወንዝና ቦይ ሞልቶ ያገኘ ሯጭ ልሻገር ሳይል በመጣበት መንገድ ይመለስ፤ አንድ ቀን ልምምድ ቢቀርበት ምንም አይጐድልበት።

በመጨረሻም ለወላጆች የምንመክረው አንድ ቀላል ነገር አለ። ለልጃችሁ፣ ወንድ ቢሆን ሴት ብትሆን፣ አንድ ደብተር ስጡና በክረምቱ የሮጡበትን ቀን፣ ደቂቃውን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ከሩጫው በኋላም የተሰማቸውን ስሜት እንዲጽፉ አድርጉ። የኪሎ ሜትሩን ፍጥነት ግን እስከ መስከረም አትጠይቁ። መሬቱ ጠፍፎ መንገዱ በደረቀ ጊዜ በበጋ በሚያውቁት ርቀት ላይ አስሩጧቸውና ሰዓቱን ያን ጊዜ ያዙላቸው። ክረምቱን በልክና በጥንቃቄ የቈየ ሯጭ ትርፉን የሚያየው በዚያን ቀን ነው።